የአመድ መዋጮ

ማናለብሽ ምላሷን ቤት አስቀምጣ ወጥታ አታውቅም። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ወደ ቀበሌው ስብሰባ ስትሄድም ይዛው ሄደች፤ ነገር የመጣባትም በሱው ነው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል ተጽፏል፤ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ጣሪያው የሚያፈሰውን ዝናብ የሚቀበል ባልዲ ተቀምጧል። የዕለቱ አጀንዳ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ናት። ይህች መሬት ለዓመታት የጌጃ ሰፈር ቆሻሻ መድፊያ ነበረች። የሴቶች ማኅበር አባላት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ብለው ስባሪ ብርጭቆ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የጎማ ቁራጭና ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ የአልጋ ራስጌ አውጥተው አጸዷት። ከጸዳች በኋላ ታዲያ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፍሰሐ መጥተው መሐሏ ላይ ቆሙ፣ ግራና ቀኝ አዩ፣ በእርምጃ ለኩ፤ ለመረብ ኳስ ልክክ ብላ አገኟት። ጓድ ፍሰሐ በወጣትነታቸው ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ይጫወቱ ነበር። አሁን ሆዳቸው አንድ እርምጃ ቀድሟቸው ቢሄድም ልባቸው ገና መረቡ ሥር ይዘላል። ቋሚዎቹን ሳይቀር አስጠርበው ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር አስደግፈዋቸዋል።

«ወጣቱ ጤናማ መዝናኛ ያስፈልገዋል» ብለው ገና ሲጀምሩ ማናለብሽ ዕድል ሳይሰጣት ብድግ አለች።

«ሲሸት የሴቶች፣ ሲጸዳ የወጣቶች! እንዲያማ ከሆነ ነገ ሽንት ቤቱን እናጽዳላችሁና ቴኒስ ተጫወቱበት።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ጓድ ፍሰሐ ጠረጴዛውን ደበደቡ።

«ሥነ ሥርዓት! ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«አትክልት ይዘራበት። የማኅበሩ ሠላሳ አራት ቤት ጎመን ይብላበት።»

«ዘሩስ? ለቀበሌዎች የሚታደለው ዘር ለመስከረም ነው የሚደርሰን።»

«ለመስከረምማ እኛ እናድላቸዋለን! እዚህ ሰፈር ዘር ያልቋጠረ ቤት አለ እንዴ? ሁሉም ከየአገሩ ሲመጣ ከልብሱ በፊት ዘሩን ነው የቋጠረው። እኔ እሰበስበዋለሁ።»

ጓድ ፍሰሐ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ከቁጣቸው የበለጠ ያስፈራል።

«መልካም። የዛሬ ሳምንት እሑድ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓድ አምሳሉ ለጉብኝት ይመጣሉ። መሬቱ ተዘርቶ ካገኙት የማኅበሩ ይሁን። ካልተዘራ በዚያው ዕለት ቋሚዎቹ ይተከላሉ።»

«ካልተዘራማ» አለች ማናለብሽ፣ ምላሷ ከሷ ቀድሞ፣ «መረቡን ራሴ እወጥርልዎታለሁ! ዓመት ሙሉም ኳሱን እየሮጥኩ አቀብልዎታለሁ!»

«በቃለ ጉባኤ ይያዝ!» አሉ ጓድ ፍሰሐ።

ተያዘ። ማናለብሽ ወደ ቤቷ ስትመለስ በውርርድ ያስያዘችውን በጣቷ ትቆጥር ጀመር። መሬቷ አለች፤ የሠላሳ አራት ሴት የሦስት ሳምንት ወገብ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ዓመት ሙሉ ከጓድ ፍሰሐ ሆድ ሥር እየሾለከች ኳስ ስትለቅም፣ ጌጃ ሰፈር በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያጨበጭብላት ታያት። እንዲህ ከሚሆን መሞት ይሻላል፤ ከመሞት ግን ዘር መሰብሰብ ይቀላል።

ማናለብሽ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ፊደልን የለየችው ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ማንም «ሀ» በይ ሳይላት። መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ አብራ እንድትማር ጠርተዋት፣ በሁለተኛው ቀን አስተማሪው ሰሌዳ ላይ የጻፈውን አርማ ወጣች። ከሱቅ መጠቅለያ ካጠራቀመቻቸው ሀብቶች አንዱ ደግሞ «ጥሩ ዘር እንዴት ይመረጣል» የሚል ግማሽ ገጽ ወረቀት ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ዘሩን በውኃ ውስጥ ይጨምሩ። የተንሳፈፈው ፍሬ አልባ ስለሆነ ይወገድ። የሰጠመውን ግን» እዚያ ላይ ተቀዷል። የሰጠመው ምን እንደሚደረግ የሚናገረው ግማሽ ከሌላ ሰው ሩብ ኪሎ በርበሬ ጋር ሄዷል። ማናለብሽ ይህን ወረቀት እንደ ክታብ ደረቷ ውስጥ ከትታ ሰኞ ማለዳ ወጣች።

የመጀመሪያው ቤት ባለቤት በሩን በጣት ስፋት ከፈተች።

«ዘር? መዋጮ ነው?»

«መዋጮ አይደለም፤ ለጋራ አትክልታችን ነው።»

«ባለፈው ለዘማች ስንቅ ብላችሁ ሽሮዬን ወሰዳችሁ። ከዚያ ለባንዲራ ጨርቅ፣ ከዚያ ለባንዲራው እንጨት። አሁን ደግሞ ዘር! ዘር የሚባል ዓይቼ አላውቅም።» በሩ ተዘጋ። ከደጁ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በጭስ የጠቆረ የዘር ቅል ተንጠልጥሎ ማናለብሽን ቁልቁል ያያታል።

«ቅሉ ይሰማሻል!» ብላ ጮኸችባትና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።

ሁለተኛዋ በደስታ ተቀበለቻት፤ አንድ ጣሳ ሙሉ ሱፍ ሰጠቻት። ማናለብሽ አንድ ፍሬ ወደ አፏ ጣል አደረገች።

«ይኼማ ተቆልቷል!»

«አዎ፣ እንዳይነቅዝ ብዬ።»

«እሜቴ፣ ይኼ ከበቀለማ ሙታን ሁሉ ይነሣሉ።»

እንዲህ እያለች ሠላሳ ቤት ሄደች፤ ሃያው «የለም» አለ። እሷም የዋዛ አልነበረችም። ማክሰኞ ጠዋት ቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ቆማ ለራሷ የምትናገር መስላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦ «የእነ እገሌ ሰፈር ጎመን ነው አሉ ጎመን ማለት፤ የጌጃ ሰፈር ዘርማ በቅል ውስጥ አርጅቶ ሞቷል።» ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት መዞር አላስፈለጋትም። ሴቱ ሁሉ ተቆጥቶ ዘሩን ራሱ ይዞ ይመጣ ጀመር።

የመጀመሪያዋ እትዬ ትርንጎ ነበሩ፤ ጎረቤቷ፣ የጉራጌ እዣ ሴት፣ ጎመን በማወቅ ልደታ ውስጥ የሚስተካከላቸው የለም የሚባሉ፣ በተለይ በራሳቸው። በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው አሳዩዋት።

«ይኼ ዘር ከኔ ጋር ተድሮ ነው የመጣ። ባሌ ሞተ፤ ይኼ አልሞተም። እሰጥሻለሁ፤ ግን ከማንም ዘር አጠገብ እንዳይዘራ። ለብቻው፣ ከፊት ለፊት፣ ፀሐይ በሚወጣበት በኩል።»

«እትዬ፣ መሬቷ እኮ የመረብ ኳስ ሜዳ ታህላለች፤ ርስተ ጉልት አይደለችም።»

«ካልሆነ መልሺ።»

«ይሁን፣ ይሁን!»

ረቡዕ ግን ራሷ አብነት ሰፈር ሄደች፣ ወደ ቅመም ነጋዴዋ እትዬ ሀሚዳ ዘንድ። እትዬ ሀሚዳ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ የወርቅ ጥርሳቸው ይታያል፤ እንዲታይም ይስቃሉ። አንድ ቋጠሮ አብሽና አንድ ቋጠሮ የቃሪያ ዘር አወጡ። ማናለብሽ እጇን ስትዘረጋ ሰበሰቡት።

«ተይ! በርበሬ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ያጣላል።» ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። «አሁን አንሺው። አብሹን ግን ከትርንጎ ጎመን ጋር እንዳታጎራብቺብኝ፤ የዚያች ሴትዮ ጎመን መራራ ነው።»

«አላጣላም ብለው አስቀምጠው በአንደበትዎ አጣሉን እኮ!»

«እኔ እውነት ነው የተናገርኩ፣ ወላሂ!»

ሐሙስ ደግሞ ልደታ ማርያም ሄደች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ የሚኖሩት እማሆይ ወለተሥላሴ አስጠርተዋት። እማሆይ የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ በጥቁር ክር ሰባት ጊዜ የተጠመጠመ ቋጠሮ አቀፏት።

«ምንድን ነው እማሆይ?»

«አይጠየቅም። አፈር እስኪነካ ድረስ ሰው እንዳያየው፤ ዓይን ያየው ዘር አይበቅልም። ሳትፈቺው ወስደሽ፣ ሳታዪው ዝሪው።»

ማናለብሽ በስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ተነሥታ «ዓይን በላኝ፣ ቡዳ በላኝ የኋላቀርነት ምልክት ነው» ብላ የተናገረች ሴት ናት። ቢሆንም ቋጠሮውን በነጠላዋ ሸፍና ነው ይዛው የሄደችው። ማን ያውቃል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አራቱም ቋጠሮ ከአዳራሹ ጀርባ፣ መሬቷ ዳር ባለው በማኅበሩ ግቢ ተሰበሰበ። ባለቤቶቹም አብረው ተሰበሰቡ፤ ጦርነቱም ያኔ ተጀመረ። እገሊት «የኔ ዱባ ከመሐል ይሁን» ትላለች፤ እገሊት «ዱባሽ ተንዘራፍፎ ሰላጣዬን ሊውጥ ነው!» ትላለች። እትዬ ትርንጎ ፀሐይ የሚወጣበትን በኩል በሰውነታቸው ዘግተው ቆመዋል። እትዬ ሀሚዳ «ፀሐይዋም የጉራጌ ሆነች?» ይላሉ። አንዷ ድንብላል ያመጣች ሴት መሬቱ ላይ በበትር መስመር አሰመረች፤ ሌላዋ በእግሯ አጠፋችው። ማናለብሽ ግራ ቀኝ እያየች ሳቋም ንዴቷም እኩል ሲመጣባት፣ ከጓዳ ትልቁን የእንጨት ገበቴ ጎትታ አወጣች።

«በቃ!» አለች። «ለየብቻ የለም፤ ከፊት የለም፤ ከኋላ የለም። ሁሉም እዚህ!»

የእትዬ ትርንጎን ጎመን ገለበጠች። የእትዬ ሀሚዳን አብሽ ከላዩ ገለበጠች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ አፍ ጮኹ፤ በሕይወታቸው የተስማሙት ያኔ ነው። ሰላጣው፣ ካሮቱ፣ ቃሪያው፣ ድንብላሉ፣ ዱባው ተከተለ። የእማሆይ ቋጠሮ ብቻ ቀረ። ማናለብሽ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ፊታችሁን አዙሩ» አለች።

ሠላሳ አራት ሴት ጀርባውን ሰጠ። ያቺ ቡዳ የለም ባይ ማናለብሽም ዓይኗን ጭፍን አድርጋ ቋጠሮውን ገለበጠችና በእጇ ላይ ታች አድርጋ አማሰለችው። ከዚያ ወረቀቷን ከደረቷ አውጥታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን እንደ ራዲዮ አድርጋ አነበበችላቸው። ውኃ ተጨመረ። የዱባው ዘር በሙሉ ብቅ ብሎ ተንሳፈፈ።

«ፍሬ አልባ ነው፤ ይወገድ» አለች።

«ዱባ መቼ ሰጥሞ ያውቃል?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ወረቀቱ ነው ያለው።»

«ወረቀቱ ዱባ ቀቅሎ ያውቃል?»

ዱባው ምሕረት አገኘ። የሰጠመው ምን ይደረግ ለሚለው ግን ወረቀቱ መልስ ስላልነበረው ማናለብሽ ራሷ ፈረደች፤ የሰጠመ ደህና ዘር ነው፣ ደህና ነገር አይነካም፣ እስከ ነገ ጠዋት ባለበት ይደር። ገበቴውን በሰፌድ ከድና፣ ዓለምን እንዳሸነፈ ሰው እጇን አራግፋ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰፌዱን ስታነሣ፣ ገበቴው ውስጥ ዘር አልነበረም። አንድ ነገር ነበር፤ ገበቴውን ሞልቶ ወደ አፉ የወጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ነገር። ጣቷን ሰዳ ብታወጣው ክንድ የሚያህል ንፍጥ ተከትሏት ወጣ፤ በንፍጡ ውስጥ የሠላሳ አራት ቤት ዘር እንደ ዝንብ ተለጥፏል።

እትዬ ትርንጎ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ተልባ!» አሉ። «የእማሆይ ቋጠሮ ተልባ ነው!»

«የኔም አብሽ አላነሰም» አሉ እትዬ ሀሚዳ፣ ሳቃቸውን በነጠላ አፍነው። «ማነሽ፣ አንቺ ልጅ፣ አብሽ ሲዘፈዘፍ ምን እንደሚሆን አታውቂም? ስንት ዓመት አብሽ መትተሻል?»

«አውቃለሁ» አለች ማናለብሽ በቀጭን ድምፅ።

«ወረቀቱን ሰምተሽ ድስቱን ረሳሽ!»

«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ሲባል የሰማችው መስሏት ነው!» አለች ባለ ድንብላሏ፤ ከዚያ ወዲያ የሚቻል አልሆነም። ሴቱ ሁሉ ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዷ እጇን ነክራ ንፍጡን ጎትታ ጎረቤቷን አሰረቻት፤ ጎረቤቲቱ ደግሞ ሌላዋን አሰረች። ማናለብሽ ሊያለቅስ የተዘጋጀ ፊቷን ይዛ ቆማ ሳለ፣ የካሮት ዘር በጉንጯ ላይ ተለጥፎ ቀረና እሷም ፈነዳች። ሳቀች፤ እየሳቀችም ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር የተደገፉትን ቋሚዎች አየች፤ ሳቋ እንደ ቧንቧ ውኃ ቁርጥ አለ።

«እትዬ» አለች። «ነገ እኮ እሑድ ነው። ይኼን እንዴት አድርጌ ነው የምዘራው? በማንኪያ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ምክር መጠየቋ ነው። እትዬ ትርንጎም ይህ ስለገባቸው ጊዜ ወስደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ዳኛ መለሱ።

«አመድ» አሉ። «እኛ አገር የጎመን ዘር በአመድ ታሽቶ ነው የሚዘራ፣ እጅ ላይ እንዳይጣበቅ። ይኼ ሁሉ ንፍጥ ግን የአንድ ቤት አመድ አይበቃውም። የሰፈር አመድ ይፈልጋል። ደግሞ ዛሬውኑ፤ የራሰ ዘር አያድርም።»

ማናለብሽ ጠብ እርግፍ ብላ ወጣች። በመጀመሪያ ያገኘችው ያንን የዘር ቅል የተንጠለጠለበትን ቤት ነው።

«መዋጮ!» ብላ በሩን ደበደበች።

«የለኝም!» አለ ድምፅ ከውስጥ።

«አመድ ነው የምንፈልገው!»

በሩ በጣት ስፋት ተከፈተ፤ ከዚያ በክንድ ስፋት፤ ከዚያ እስከ ግድግዳው።

«አመድ? የምድጃ አመድ? ይመዘገባል?»

«አይመዘገብም።»

«ይመለሳል?»

«ምን ሊያደርግልሽ!»

ሴትየዋ እየሳቀች ምድጃዋን እስከ ድንጋዩ ጠረገችው። «ቀበሌ ጠይቆኝ ደስ ብሎኝ የሰጠሁት ይኼን ብቻ ነው!» አለች፤ ከዚያም ትንሽ ቆይታ፣ ነገሩ ምን እንደሚሆን ለማየት፣ ቤቷን ቆልፋ ተከተለቻት።

ወሬው ከማናለብሽ እግር ቀደመ። አመድ ይዞ የማይወጣ ቤት ጠፋ። በድስት፣ በጣሳ፣ በአሮጌ ባርኔጣ፣ በሕፃን ማዘያ ሳይቀር መጣ። ብረት ቀጥቃጩ ከሊፋ ከወናፉ ሥር የተጠራቀመውን በግማሽ በርሜል አንከባሎ አመጣውና ግቢው መሐል አቆመው።

«ጓዶች» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ «እነሆ የሦስት ወር የሥራ ውጤቴ!»

ገበቴው ተገለበጠ። ሠላሳ አራቱ ሴቶች፣ ከዚያም አርባ ሆኑ፣ ከዚያም ማንም መቁጠር ተወ፤ እስከ ክንዳቸው ገብተው ንፍጡን ከአመዱ ጋር አሹት። መጀመሪያ ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ ፍርፋሪ፣ ከዚያ እንደ ደረቅ አፈር በጣት መሐል የሚወርድ። በጎመንና በአብሽ መካከል ወሰን የሚባል ነገር አለቀ። እትዬ ትርንጎና እትዬ ሀሚዳ ከአንድ ቁና እየዘገኑ ጎን ለጎን በተኑ፤ ነፋሱ ደግሞ የበተኑትን አመድ መልሶ በፊታቸው ላይ በተነው። ሁሉም ነጭ ሆነ፤ ቅንድብ ጠፋ፤ የእትዬ ሀሚዳ የወርቅ ጥርስ ብቻ በርቀት ይታያል። አንዷ አቀነቀነች፦

«አመድ አፋሽ እጅሽ፣ ብላችሁ የሣቃችሁብኝ፣
ጎመኔ ሲበቅል፣ መጥታችሁ ለምኑኝ!»

እልልታው ልደታ ማርያም ድረስ ተሰማ፤ እማሆይ ወለተሥላሴ ሰርግ ያለ መስሏቸው መጡ። ተልባቸው ምን እንደሆነ ሲነግሯቸው ትንሽ አሰቡ።

«ዓይን አይቶታል?»

«አላየውም እማሆይ፤ በእጃችን ብቻ ነው የነካነው።»

«እንግዲያስ ይበቅላል» አሉና እሳቸውም አንድ እፍኝ በተኑ።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ ጓድ አምሳሉ ከከፍተኛው መጡ፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ፣ ደብተርና እርሳስ የያዙ ሰው። ጓድ ፍሰሐ ከጎናቸው ናቸው፤ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ደግሞ ቋሚዎቹን ተሸክመው ከኋላ ይከተላሉ። ሰፈሩ ሁሉ በአጥሩ ዙሪያ ቆሟል። ጓድ አምሳሉ መሬቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኙት። ግራጫ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

«እንደሚያዩት» አሉ ጓድ ፍሰሐ፣ «ዘር ይዘራሉ ስንል አመድ ደፉበት። እናንተ! ጉድጓዱን ቆፍሩ።»

«ተዘርቷል!» አለች ማናለብሽ።

ጓድ አምሳሉ ወደሷ ዞሩ። «መስመሩ የት ነው?»

«መስመር የለውም፤ ተበትኖ ነው።»

«ምን ምን ነው የተዘራው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ማለት?»

«ጎመን፣ አብሽ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ድንብላል፣ ዱባ፣ ተልባ።»

«የቱ የት ጋ?»

«ሁሉም ሁሉም ጋ።»

አጥሩ ሳቀ። ጓድ አምሳሉ ግን አልሳቁም፤ ደብተራቸውን ከፈቱ። «እህቴ፣ እኔ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አልጽፍም። የማየው አመድ ነው።» እርሳሳቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠጉት። አንደኛው ጠባቂ አካፋውን ወደ መሬት ሰደደ።

ማናለብሽ መናገር ፈለገች፤ ለአንድ ጊዜ ያህል የምትለው ጠፋት። ስለዚህ ተንበረከከች። እጇን አመዱ ውስጥ ከታ አንድ እፍኝ ዘገነች፤ የያዘችው ግራጫ ጓል ነው። አጠገቧ ከነበረው ጣሳ ውኃ ጠብ ጠብ አደረገችበት፤ አመዱ በጣቶቿ መሐል እየጠቆረ ወረደ፣ ወረደ፣ አለቀ። መዳፏን ወደ ጓድ አምሳሉ አፍንጫ አነሣች።

መዳፏ ላይ ስምንት ዘጠኝ ፍሬ ቀርቷል። እያንዳንዱ ተሰንጥቆ፣ ከስንጥቁ ነጭ ጭራ አውጥቷል።

ጓድ አምሳሉ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይኼ... በቅሏል እኮ። መቼ ዘራችሁት?»

«ትናንት።»

«በአንድ ቀን?» አሉ ጓድ ፍሰሐ፣ አንገታቸውን አስግገው። «ደረቅ ዘር በአንድ ቀን ጭራ ያወጣል?»

«ደረቅ ማን አለዎት?» ምላሷ ተመለሰ፤ ያውም ዕረፍት አግኝቶ። «ከዓርብ ጀምሮ ተዘፍዝፎ፣ በተልባ ተለብጦ፣ በአመድ ታሽቶ የተዘራ ነው። በሳይንሳዊ ዘዴ!»

ከኋላዋ እትዬ ትርንጎ ጎኗን በክርናቸው ወጓት፤ ከዚያ በላይ ማን ሊናገር፣ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎስጉሷል።

«ይኼ ወፍራሙ የኔ አብሽ ነው!» አሉ እትዬ ሀሚዳ ጣታቸውን ቀስረው።

«ይኼ ጥቁሩ የኔ ጎመን ነው! ጭራው ከአብሹ ይበልጣል፣ ጓድ፣ ይለኩት!» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ይለኩ! በምን ዓይናቸው!»

ጓድ አምሳሉ ከሁለቱ መሐል አፈገፈጉና በትልቁ «ተዘርቷል» ብለው ጻፉ። አካፋው ቆመ። የአጥሩ ዙሪያ ጩኸት ከመርካቶ ርግብ ሳያስነሣ አልቀረም።

«የአትክልቱ ባለቤት ማን ተብሎ ይመዝገብ?» አሉ ጓድ አምሳሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ቀበሌ «ይመዝገብ» ሲል ድሮ በሩን የሚዘጋ ሰፈር፣ አጥሩን ጥሶ ገባ።

«እኔ ጎመን ሰጥቻለሁ!»

«እኔ ድንብላል!»

«እኔ ዘር ባልሰጥ አመድ ሰጥቻለሁ፤ አመድ አይቆጠርም?»

«ግማሽ በርሜል!» ይላል ከሊፋ ከኋላ እየዘለለ። «ከሊፋ፣ ግማሽ በርሜል ብለው ይጻፉ!»

እማሆይ ወለተሥላሴ በትራቸውን ይዘው ሰው እየከፈሉ መጡ። ጓድ አምሳሉ ገጽ ገለበጡ፣ ሌላ ገጽ ገለበጡ፤ እርሳሳቸው ሲዶለድም ማናለብሽ በጥርሷ ቀረጸችላቸው። እስከ ቀትር ድረስ ጻፉ። ሕዝቡ ሲሳሳ ጓድ ፍሰሐ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ቋሚዎቻቸው መሬት ላይ ተጋድመዋል፤ ሁለቱ ጠባቂዎችም ስማቸውን ለማስመዝገብ ተራ ይዘዋል።

«እኔስ?» አሉ ጓድ ፍሰሐ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው። «ቃሪያ እወዳለሁ።»

«እርስዎ ምን ሰጡ?» አለች ማናለብሽ።

ጓድ ፍሰሐ አሰቡ። ሆዳቸውን አሻሹ።

«ቦታውን ተውኩ» አሉ።

ማናለብሽ ከእግራቸው እስከ ራሳቸው አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ጓድ አምሳሉ ዞረች።

«ይጻፉላቸው» አለች። «ከሁሉም በታች ይጻፉላቸው።»